ሰባት ቤት ያልተቆጠረላት ውሻ

ውሻ ሳትቸገር ትወልዳለች ይባላል። ሐሰት ነው። እንዲህ የሚለው ሰው ያየው ስድስት ቡችላ አስከትላ ከአጥር ሥር የወጣችውን ውሻ ነው። አጥሩ ሥር ገብታ ያልወጣችውን ማን ቆጠራት? እሷን «ጠፋች» ብለን እናልፋታለን። የዳኑትን ብቻ ቆጥሮ ሁሉ ደህና ነው ማለት የቆየ የሪፖርት ልማዳችን ነው፤ እኔም በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሪፖርት ብዙ ጽፌአለሁ።

ስለ ውሻ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። አብዛኛው ስለ ታማኝነቷ ነው። ጸሐፊዎች ውሻን የጌታዋ መቃብር ላይ አስተኝተው አንባቢን ማስለቀስ ይወዳሉ። ስለ ማህፀኗ የሚጽፍ ግን አላገኘሁም። ሥራዬ እዚያው አካባቢ ስለሆነ እኔ ልጻፍ።

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ወለጋ ውስጥ ኡኬ ላይ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ አዲስ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ስቴቶስኮፕ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ደረስኩ። ክሊኒኩን ለብዙ ዓመት ይዘው የቆዩት የእንስሳት ጤና ረዳቱ ኦቦ ተሬሳ ነበሩ። በደረጃ እኔ እበልጣቸዋለሁ። ላሞቹ ግን ይህን አያውቁም ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ዶክተር» አሉኝና ጋውኔን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እሱን አውልቀው። ላሚቱ ሠርግ ያለ ይመስላታል።»

ላሚቱ ከማለዳ ጀምሮ እያማጠች ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ሁሉም አዋላጅ ነው። ኦቦ ተሬሳ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና እያሹ ትምህርቴን ጀመሩልኝ። «የኛ ሥራ ሦስት ነገር ነው። መርፌ፣ ገመድ፣ ጸሎት። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛባ።» መርፌ የሚሉት ማህፀን እንዲኮማተርና ጽንሱን እንዲገፋ የሚያደርገውን የምጥ መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲንን ነው። ገመዱ በጥጃው የፊት እግሮች ላይ ይታሰራል፤ አራት ወንዶች ምጧን እየጠበቁ ይስባሉ። ጸሎቱን እያንዳንዱ በየቤተ ክርስቲያኑ ወግ ያደርሳል።

ጥጃው ወጣ። ቆመ። ጎረቤቱ አጨበጨበ። እኔም ቅደም ተከተሉን በማስታወሻዬ ጻፍኩት። እውነቱን ለመናገር ለላምም ትክክል አልነበረም። ላም ግን ሰፊ ናት፤ የሰውን ስህተት ትችላለች።

ትምህርት ቤት ስለ ላም ለዓመታት፣ ስለ ውሻ ለጥቂት ቀናት ተምረናል። ስለ ውሻ የተማርነውም በአብዛኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነበር። ማንም አላሰበበትም፤ በወለጋ ውሻ አጥር ትጠብቃለች እንጂ ሐኪም ቤት አትሄድም።

ከዚያ ትንንሾቹ መጡ። አዲስ አበባ የሚሠሩ ልጆች ለወላጆቻቸው በካርቶን፣ በቅርጫት፣ አንዳንዴም በጃኬት ውስጥ ደብቀው በአውቶቡስ ያመጧቸው ጸጉራም ውሾች። የገበያ ሰው «የፈረንጅ ውሻ» ይላቸዋል። ከድመት ብዙም አይበልጡም። የቡችሎቻቸው ጭንቅላት ግን ክብና ትልቅ ነው፤ የእናትየዋ ዳሌ ደግሞ ጠባብ። ጽንሱ ጤነኛ ሆኖ እንኳ መውጫው የተለካ ነው። ጽንሱ የተበላሸ እንደሆነ ግን መውጫ የለውም።

ይህን የተማርኩት ሲሬ ላይ ነው።

ሲሬ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት አንዲት ሴት ነበረች። ውሻዋን አቅፋ ከደጇ ጠበቀችኝ። ምጡ ከጀመረ ሦስት ሰዓት አልፎታል አለችኝ። የጠየቅኋት ስንት ሰዓት እንዳማጠች ብቻ ነበር፤ ሌላ ምንም አልጠየቅሁም። በኦቦ ተሬሳ ቅደም ተከተል መርፌውን ወጋሁ።

ውሻዋ ወዲያው በኃይል አማጠች። ሴትየዋ «እሰይ፣ ያዘላት!» አለች። እኔም በልቤ እሰይ አልኩ። ከዚያ ምጡ ባንድ ጊዜ ቆመ። እኔ ዕረፍት መስሎኝ ነበር። ድዷን ገልጬ ሳየው እንደ ወረቀት ነጥቷል። ሻይ ላፍላልህ ወይ ብላ ሴትየዋ ስትጠይቀኝ ውሻዋ እጄ ላይ ሞተች።

ሴትየዋ ዞር ስትል ሆዷን ከፍቼ አየሁ። ማህፀኑ ተቀዷል። መውጫው ላይ የተወተፈው ቡችላ ውሃ ውስጥ ሰንብቶ እንዳበጠ ዳቦ ነበር፤ ቆዳው ሥር ውሃ ሞልቶበት አንገትና ራሱ አይለይም። በመጽሐፍ ስሙን አንብቤው ነበር። ውሃ የቋጠረ ጽንስ ነው። መርፌው ማህፀኑን ግፋ አለው፤ ማህፀኑም ገፋ፤ የሚሄድበት ስለሌለ እራሱ ተቀደደ።

ለሴትየዋ «ጽንሱ ትልቅ ነበር» አልኳት። ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም። እሷ «የእግዜር ሥራ ነው፣ አትዘን» ብላ አጽናናችኝ። ከዚህ የከፋ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ትንሽ ውሻ ደጄ ስትመጣ እፈራለሁ። ባልደረቦቼ የበሬ ቀንድ የማይፈራ፣ የውሻ ምጥ ግን የሚፈራ ሐኪም እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ነቀምቴ ላይ ከመድኃኒት መሸጫ ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ክሊኒክ ከፍቼ ስቀመጥ ከላም ይልቅ ስለ ውሻ ማንበብ ያዝኩ። ውሃ የቋጠረውን፣ ጭንቅላቱ ውሃ የሞላውን፣ ሆዱ ሳይዘጋ የቀረውን፣ ሁለቱ ተጣብቀው የቀሩትን አነበብኩ። አንብቤ ስጨርስ ፍርሃቴ አልቀነሰም፤ ስም ብቻ ወጣለት።

አሁን ወደ ሚሚ ልምጣ።

እሑድ ረፋድ ነበር። ክሊኒኩ ዝግ ነው፤ እኔ የገባሁት እግሯ በፋሻ የታሰረላት አንዲት ጥጃ ለማየት ነበር። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ድምፅ በማጉያ ይመጣል። ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ፤ ከውስጡ ቲቸር ገመቹ ወረዱ።

ቲቸር ገመቹ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ አስተማሪዬ ነበሩ። የነቀምቴ ግማሽ ስለ ዘር ውርስ የሚያውቀውን ያወቀው ከእሳቸው ነው። ረጅሙን አተር ከአጭሩ አተር ጋር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያዳቅሉ ጠመኔያቸው ይሰበር ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነዋል። ከአምልኮ እንደተነሡ ነው የመጡት፤ ከረባታቸው አልተፈታም። ከኋላቸው ባለቤታቸው አዴ ወርቄ ወረዱ። ነጠላቸው ውስጥ ሚሚ አለች።

ልጆቻቸው ሁሉ ከቤት ወጥተዋል። ሚሚን ያመጣችላቸው የመጨረሻዋ ልጃቸው ናት። ቲቸር ከባለቤታቸው ጋር ኦሮምኛ፣ ከሚሚ ጋር አማርኛ፣ ሲናደዱ ደግሞ ከሁለቱም ጋር እንግሊዝኛ ይናገራሉ ተብሎ ይወራል። አዴ ወርቄ ስኳር አለባቸው፤ እግራቸውን ስለሚያማቸው ብዙ አይወጡም። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ አብራቸው የምትውለው ይቺ ነጭ ፍጥረት ናት። ነጠላውን ገልጠው አሳዩኝ።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ማሎ፣ እባክህ እንዳትሞትብኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከንጋት» አሉ ቲቸር። «ሽርት ውሃው ፈሷል። ትገፋለች፤ አይወጣም። አንተ ግን ለምን ትጠይቃለህ? መርፌውን ውጋትና ትገላገል። ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው።»

ጠረጴዛው ላይ አስተኛኋት። ልቧ ከመዝሙሩ ከበሮ ይፈጥናል። ጅራቷን ሳነሣ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ አየሁ። አንድም ቡችላ ሳይወጣ ይህ ቀለም ከታየ እንግዴ ልጁ ከማህፀን እየተላቀቀ ነው ማለት ነው። ውስጥ ያሉት የሚተነፍሱበት ገመድ እየተበጠሰ ነው። የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብዬ አየሁ፤ ለምን እንዳየሁት አላውቅም፤ ሰዓቱ ምንም አይረዳኝም።

ጓንት አጥልቄ አንድ ጣቴን አስገባሁ። ጭንቅላት ጠጣር ነው። በቂጡ የመጣ እንደሆነ ጅራት አለው። እኔ የነካሁት ለስላሳ ነገር ነው። ስጫነው ይሰረጉዳል፤ ስለቀው ቀስ ብሎ ይመለሳል። ውሃ የሞሉት ጓንት ይመስላል። ምናልባት ከረጢቱ ሳይቀደድ የቀረ ጤነኛ ቡችላ ነው። ምናልባት ደግሞ የሲሬው ነው።

ጤነኛ ከሆነ መርፌው ይገላግላታል፤ ሆዷን መቅደድ በከንቱ አደጋ ውስጥ መክተት ነው። የተበላሸ ከሆነ መርፌው ይገድላታል፤ መዘግየትም ይገድላታል። ለእንስሳ የሚሆን የራጅ መሣሪያ የለኝም። ያለኝ አንድ ጣትና ሁለት ባለቤቶች ናቸው። ጣቴ የሚችለውን ተናግሯል።

«ቲቸር፣ አባትየው ማነው?»

«የምን አባት?»

«የቡችሎቹ።»

ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌን፣ ያውም በእሑድ፣ «አባቱ ማነው» ብሎ መጠየቅ በኛ ከተማ ደስ የሚል ነገር አይደለም።

«ዘሩ ጥሩ ነው። የአዲስ አበባ ውሻ ነው።»

«ከዚህ በፊት ወልዳ ታውቃለች?»

«አምና። ሁለት ወለደች። አንበሳ የመሰሉ! አንዱን ለፓስተሩ ሰጠነው።»

«ሁለት ብቻ?»

«ሁለት አልኩህ እኮ፣ ይልማ! ድሮም አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ካልነገሩህ አይገባህም ነበር።»

ሚሚ አማጠች። ጀርባዋ ጎበጠ፤ ድምፅ አላወጣችም። ትንሽ ውሻ ስትጨነቅ አትጮህም፤ የሰው ፊት ፊቱን ታያለች። እሷ ያየችው አዴ ወርቄን ነው።

አዴ ወርቄ «ሦስት» አሉ።

ቲቸር ዞር አሉ። «ወርቄ!»

«ላኪ፣ አይደለም፤ ሦስት ናቸው። ገመቹ፣ ንገረው እንጂ! ልትሞት ነው እኮ!»

«ምኑን ልንገረው?»

«የቀበርከውን!»

ከማዶ መዝሙሩ አልቆ ስብከት ጀመረ። ቲቸር ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። የተናገሩት አዴ ወርቄ ናቸው፤ እያዩ የነበሩት ግን ሚሚን ነው። «መጨረሻ ላይ የወጣው እንደ ፊኛ የተነፋ ነበር። ዓይኑ የት እንዳለ አይታወቅም። ሲወጣ ሞቷል። እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። ይኸው ሰውዬ በጋዜጣ ጠቅልሎ ማንጎው ሥር ቀበረው። ማንም እንዳይሰማ አለኝ። ሽማግሌው ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተወለደ ከተባለ ሰው ምን ይላል አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዓመት ሙሉ ዝም።»

«አባቱስ፣ አዴ?»

«ወንድሟ ነው። ልጃችን ሁለቱን ከአንድ እናት ነው ያመጣቻቸው፤ እሷ ለኛ፣ እሱ ለገመቹ እህት። አምናም እሱ ነው፤ ዘንድሮም እሱ ነው።»

ቲቸር ቀና ሳይሉ «ዘሩ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አሉ። «ከመንገድ ውሻ ጋር ላደባልቃት ነው እንዴ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጃቸው ቶሌራ ሊያገባ ሲል ቲቸር ራሳቸው ዘር ቆጥረው ልጅቷን በስድስተኛው ቤት ዘመድ ሆና አገኟት። ድግሱ ተጀምሮ ነበር። ሽማግሌ ልከው ጋብቻውን አፈረሱ። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ብዙ ሰው አድንቋቸዋል፤ ቶሌራ ግን ለወራት አላናገራቸውም።

መናገር አልነበረብኝም። ፍርሃት ግን ምላሴን ያሾለዋል።

«ቲቸር፣ ለቶሌራ ስንት ቤት ቆጠሩ?»

«ሰባት።»

«ለሚሚስ?»

«ውሻ ናት እኮ፣ ይልማ!»

«አተሩም አተር ነበር።»

አዴ ወርቄ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ይሳቁ ያልቅሱ አልለየሁም። ቲቸር ከረባታቸውን ፈቱና ኪሳቸው ከተቱት፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ምን ልያዝ?» አሉ።

መርፌውን መሳቢያ ውስጥ መለስኩት። ሆዷን ልንቀድድ ነው።

የፈራሁት ቢላዋውን አይደለም። ማደንዘዣውን ነው። መርፌዎቼ ሁሉ ለላምና ለበግ የተገዙ ናቸው፤ ሚሚ ደግሞ አራት ኪሎ እንኳ አትሞላም። የሚያስፈልጋት የአንድ ሚሊ ሊትር ሲሶ ያህል ነው። በላም መርፌ ላይ ሲሶ ማለት ግምት ነው፤ ግምቱ በጠብታ ከበለጠ አትነቃም።

አዴ ወርቄ መርፌውን ሳገላብጥ ሲያዩኝ ቦርሳቸውን ከፈቱ። «ይህ ይሆንሃል?» የኢንሱሊን መርፌያቸው ነበር። አዲስ፣ ያልተከፈተ፣ ቀጫጭን መስመር የተሰመረበት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ መርፌ አይቼ አላውቅም።

የሚያስተኛትን በኢንሱሊን መርፌው ለክቼ ወጋኋት፤ ሆዷን ላጨን፣ በአዮዲን አጠብን። መቅደጃው መስመር ላይ የሚያደነዝዘውን በቀጭኑ ወጋሁ። ቲቸር የኋላ እግሮቿን ያዙ፤ አዴ ወርቄ ራሷን ይዘው በጆሮዋ ኦሮምኛ ያወሩላታል። እስትንፋሷን ይቁጠሩልኝ አልኳቸው። ጮክ ብለው ቆጠሩ። ቁጥሩ በዘገየ ቁጥር እጄ ይቆማል።

ማህፀኑን ሳወጣው መውጫው አጠገብ ቀጥኖ ወይን ጠጅ ሆኗል። ከሥሩ የጓንቴ ቀለም ይታያል። አንድ ሌላ ብርቱ ምጥ አይችልም ነበር። ለስላሳውን ነገር ከዚያ ሳብኩት። ውሃ የቋጠረ ነው። ከሌሎቹ ሁለት አንድ ላይ ይከብዳል። ሁለተኛው ደህና ይመስል ነበር፤ አፉን ስከፍት ላንቃው ተሰንጥቋል፤ ልቡ ጥቂት መታና ቆመ። ሦስተኛዋን ለቲቸር ሰጠኋቸው።

«ምን ላድርጋት?»

«በፎጣው ይሹዋት! አፏን ይጥረጉ! ጠንከር አድርገው፣ ቲቸር፣ ጠመኔ አይደለችም!»

አሹዋት። አሹዋት። አዴ ወርቄ መቁጠራቸውን አላቋረጡም። ከፎጣው ውስጥ እንደ በር ማጠፊያ ያለ ቀጭን ጩኸት መጣ። ቲቸር አላመኑም፤ ወደ ጆሯቸው አስጠጓት።

«ቲቸር፣ ማህፀኗን ላወጣው ነው።»

«ዘሯ ይቋረጣል ማለት ነው?»

«ይቋረጥ!» አሉ አዴ ወርቄ። «አንተ ቀጥለኸው አይተናል። ሃያ ሁለት… ሃያ ሦስት… ቀጥል፣ ኢልመ ኮ።»

አወጣሁት፤ ሰፋሁ። ከዚያ የከፋው መጣ፤ ሚሚ አልነቃችም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። በሙቅ ውሃ የተሞሉ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ጎኗ አደረግን። ዓይኗን ስነካ አታንቀሳቅስም። ቡችላዋን ጡቷ ላይ አስጠጋናት፤ ቡችላዋ ትፈልጋለች፣ እናትየዋ አታውቅም። ሰው ከአምልኮ ወጥቶ በመስኮቱ አጠገብ እየተሳሳቀ ያልፋል። አንድ ሁለቱ ቲቸርን አይተው «ኦቦ ገመቹ፣ በሰላም ነው?» ብለው ቆሙ። አንድ ሽማግሌ በሸሚዝ፣ እጁ በደም፣ በእሑድ።

ቲቸር በፍጥነት የሆነ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ውሻዬ ታማ ነው ብለው በሩን መዝጋት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ያበጠውን ቡችላ ከሳህኑ ላይ በጓንት አንሥተው በመስኮቱ አሳዩአቸው።

«በወንድሟ አስጠቅቻት ነው» አሉ በኦሮምኛ። «እኔ፣ የባዮሎጂ አስተማሪው። ፓስተሩ ቤት ያለው ቡችላም የዚሁ ዘር ነው። እናንተም እንዲህ እንዳታደርጉ።»

አንዲት ሴት «ኢየሱስ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። የቀሩት ግን ጠጋ ብለው አዩ። እኔ ሚሚን ረስቼ እሳቸውን ሳይ አዴ ወርቄ ክንዴን ያዙኝ። ሚሚ ምላሷን አውጥታ አፍንጫዋን ላሰች። ትንሽ ቆይታ ራሷን ልታነሣ ሞከረች፤ አቃታት፤ እንደገና ሞከረች።

ሚሚ ድናለች። ሴቷ ቡችላም አድጋለች፤ ለማንም አልተሰጠችም፤ ጊዜዋ ሲደርስ እሷንም እንዳትወልድ አድርጌአታለሁ። ያበጠውን ቡችላ ቲቸር ማንጎው ሥር ልውሰደው አላሉኝም። እንዳይበሰብስ ፎርማሊን በተሞላ የመስታወት ዕቃ አስገብቼ ክሊኒኩ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቲቸር ሲያልፉ ገብተው ያዩታል። «ስሜን እንዳትለጥፍበት» አሉኝ አንድ ጊዜ። አልለጠፍኩም። ሁሉም ግን ያውቃል።

ለባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። በተበላሸ ጽንስ የተዘጋን መውጫ በመግፋት አይከፍቱትም። ፈሳሹ አረንጓዴ ሆኖ ቡችላ ካልወጣ፣ ጣታችሁ የነካውን ነገር ስም ካጣችሁለት፣ የምጥ መርፌውን መሳቢያ ውስጥ ተዉት። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደምታምጥ ከመጠየቃችሁ በፊት አባትየው ማን እንደሆነ፣ ባለፈው ምን እንደወለደች ጠይቁ። የመጀመሪያውን መልስ አትመኑ። ሁለቱንም የቤት ሰዎች ጠይቁ።

ለእናንተ ለባለቤቶቹ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ውሻችሁ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ መልክ ያጣ ቡችላ ከወለደች አትቅበሩት። በፌስታል አድርጋችሁ በማግስቱ አምጡልኝ።